ባሌ ፊልሙን ከማን ጋር አየው?

ሰውየው ገና ሳይሞት ባሌ አዘነለት። ነገሩ የጀመረው እዚያ ላይ ነው። ፊልሙ ውስጥ ያለው ሰውዬ ባቡር ላይ ተቀምጦ፣ ሻዩን ፉት እያለ፣ ከፊቱ ካለች አሮጊት ጋር ይሳሳቅ ነበር። ጤነኛ ነው፤ ሳል እንኳ የለበትም። ባሌ ሶፋው ላይ እንደተደገፈ ከንፈሩን መጠጠና «አይ ምስኪን! ልጁን ሳያያት» አለ። ዞር ብዬ አየሁት። ባቡሩ ዋሻ ገባ፣ ከዋሻ ወጣ፣ ጣቢያ ቆመ፣ ሰው ጫነ፣ ሰው አወረደ። ሰውየው ደረቱን ይዞ የወደቀው ከዚያ ሁሉ በኋላ ነው። ያኔ ባሌ ትንፍሽ አላለም። ሐዘኑን ቀድሞ ጨርሷል።

እኔ ደግሞ ነገር የማያልፈኝ ሴት ነኝ። የምሠራው ላውንደሪ ቤት ነው። ልብስ ማሽን ውስጥ ከመግባቱ በፊት ኪስ የምፈትሸው እኔ ነኝ። የሰው ባል ኪስ ውስጥ ምን እንደሚገኝ እኔን ጠይቁኝ። የሁለት ሰው የሲኒማ ትኬት፣ ጓደኛው የጠፋበት የጆሮ ጌጥ፣ ሚስትየው የማትቀባው ሊፕስቲክ የነካው መሐረብ። ሁሉንም በትንሽ ላስቲክ ቋጥሬ ከልብሱ ጋር እመልሳለሁ፤ አፌን እዘጋለሁ፤ ቤቴ ስገባ ግን ባሌን በክፉ ዓይን አየዋለሁ። ምንም አላደረገም፤ ቢሆንም አየዋለሁ። እንዲህ ያለ ሥራ ላይ ያረጀች ሴት፣ ባሏ ላልሞተ ሰው ሲያዝን ዝም ብላ ታልፈዋለች? ነገሩ ግልጽ ነው። ይህን ፊልም ከዚህ በፊት አይቶታል። ብቻውን ደግሞ ፊልም ማየት አይወድም።

«ታዲያ አንድ ፊልም ቀድሞ ቢያይ ምን አለበት?» የሚል ካለ የእኛን ቤት አያውቅም ማለት ነው። ባሌ ልብስ ሰፊ ነው። ከሥራው ጥንቃቄ የተነሳ ሰፈሩ ሁሉ «ሚሊሜትር» ነው የሚለው፤ ስሙን የሚያውቁት እኔና መታወቂያው ብቻ ነን። ከተጋባን ጀምሮ ዓርብ ማታ አብረን ፊልም እናያለን። ሕግ አለን። አንዳችን ያለ ሌላችን ቀድመን አናይም። ፊልሙ እንዳለቀ መብራት ሳይበራ ፍርድ እንሰጣለን፤ መጀመሪያ እሱ፣ ቀጥሎ እኔ። በሙሽርነታችን አንድ ጊዜ ከወንድሙ ጋር ቀድሞ አይቶ መጥቶብኝ፣ እናቱ አማላጅ ሆነው እስኪመጡ ድረስ አላናገርኩትም። ሰው ቤት ክህደት ሌላ ነው፤ እኛ ቤት ግን ይኸው ነው።

የባሌ ፍርድ ምን ጊዜም ስለ ልብስ ነበር። የጦርነት ፊልም አይተን፣ እኔ ባላቸው ሳይመለስ ለቀሩት ሚስቶች ሳለቅስ፣ እሱ «ጫካ ውስጥ እየተሳበ ከርሞ ጉልበቱ ያልተበሳ ሱሪ ምን ዓይነት ሱሪ ነው?» ይላል። የመርማሪ ፊልም ከሆነ ደግሞ ገና ሳይጋመስ «ሌባው ያ ነው፤ ኮቱ በሌላ ሰው ልክ የተሰፋ ነው» ይለኛል። አንዳንዴ ልክ ይሆናል፤ ብዙ ጊዜ ይስታል። እኔ ግን ያን ፍርድ እወደው ነበር። ከእሱ በቀር ማንም አይለውማ።

ከዚያ አንድ ዓርብ ለመርከቦች መብራት የሚያበራ የማማ ጠባቂ ፊልም አየን። ባሕር ዳር ብቻውን የሚኖር ሽማግሌ ነው፤ ይነሳል፣ ባሕሩን ያያል፣ ይተኛል። እኔ ሚስቱ ጥላው መሄዷ ደግ አደረገች ብዬ ለመፍረድ ተዘጋጅቻለሁ። ባሌ ጉሮሮውን ጠረገና፦

«ካሜራው ብቸኝነቱን በደንብ አሳይቶታል» አለ።

ካሜራው! ይህ ሰው በዕድሜው ካሜራ ብሎ አያውቅም። ስለ ሽማግሌው ሹራብ፣ ክርኑ ላይ ስለተጣፈው እራፊ፣ አንዲት ቃል የለም። የሰው ልብስ ከሰው ልብስ ጋር ሲደባለቅ በጠረኑ የምለይ ሴት ነኝ፤ ይህን ፍርድ ደግሞ ገና ከአፉ ሲወጣ ለየሁት። የእሱ አይደለም፤ ተውሶ ነው የመጣው። ከማን እንደተዋሰው ለማወቅም ብዙ መመራመር አላስፈለገኝም።

ከባሌ ሱቅ ፊት ለፊት አንዲት ሴት ፊልም ትገለብጣለች። ፍላሽ ይዞላት የሄደ ሁሉ የፈለገውን ጭና ትሰጠዋለች፤ ስለዚህ ስሟም «ፍላሽ» ሆኖ ቀረ። የእኛን የዓርብ ፊልም የሚያመጣው ባሌ ነው፤ ከእሷ ዘንድ። ወጣት ናት። ፀጉሯን አሳጥራ ተቆርጣለች፣ አንገቷ ረዘም ያለ ነው፣ ስትስቅ ድዷ ይታያል። ድዷን ያነሳሁት እውነት ስለሆነ ነው እንጂ ለሌላ አይደለም።

አንዴ ከጠረጠርኩ በኋላ የቀረው እንደ ሹራብ ክር ተከታትሎ ተፈታ። ባሌ ከጥቂት ወራት በፊት የስፌት ማሽኑን ከጓዳ አውጥቶ በሩ ላይ ተክሎታል። ለምን ስለው «ብርሃኑ ይሻለኛል» አለኝ። ብርሃን! ከበሩ ትይዩ ማን እንደምታበራ የማላውቅ መስሎት ነው? ጥቁር ጨርቅ የሚያመጡ ደንበኞችን ደግሞ መመለስ ጀምሯል፤ «ጥቁር ሰለቸኝ» ይላል። በስተርጅና ደማቅ ደማቁ አማረው ማለት ነው። ስልኩ ላይ መልእክት ሲገባ «አንብቢልኝ እስቲ፣ እጄ የማሽን ዘይት ነክቶታል» ይለኛል። መንገድ ስንሻገር ክንዴን ጥብቅ አድርጎ ይይዘኛል፤ ያውም ሰው እያየ፣ በትዳራችን አድርጎት የማያውቀውን።

ላውንደሪ ቤት አጠገቤ ካውያ ለምትይዘው ጓደኛዬ ይህን ሁሉ ዘረገፍኩላት። እሷ ካውያውን ሸሚዝ ላይ እየነዳች፣ እንፋሎቱ መሐል ሆና ትሰማኛለች።

«ስልኩን አንብቢልኝ አለሽ?»

«አዎ።»

«በቃ፣ ሌላ ስልክ አለው። ደግሞ ክንድሽን ያዘሽ?»

«ያዘኛል።»

«እኔን ይያዘኝ! ጥፋት የሌለበት ባል ሚስቱን መንገድ ላይ አያቅፍም፣ እህቴ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው።»

እንዲህ ያለች ጓደኛ ሲኖር ጠላት ትርፍ ነው። እኔ ግን ያን ጊዜ እውነቷን ነው አልኩ። ቆሽቴ አርሮ ነበር።

በሚቀጥለው ዓርብ ያየነው የሠርግ ፊልም ነው፤ አስቂኝ ነው ተብሎ። ሙሽራው ከሙሽሪት እህት ጋር ሲሞዳሞድ ይውላል፤ ምኑ እንደሚያስቅ እኔ አልገባኝም። አንዲት ወፍራም አክስት ኬክ ተሸክማ ደረጃ ስትወርድ ባሌ ካካታውን ለቀቀው። አክስቲቱ ደረጃውን በሰላም ጨርሳ ወርዳ፣ ኬኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች። ባሌ ይስቃል። ወንበር ስባ ስትቀመጥ ነው የጠረጴዛው እግር የተሰበረው። ያኔ ደግሞ እኔ አልሳቅሁም።

ፍርድ ላይ «አተራረኩ ደስ ይላል፤ ፈጣን ነው» አለ።

«ልብሱስ?» አልኩት።

«የምን ልብስ?»

«የሙሽሪት ቀሚስ ነዋ! ልብስ ሰፊ አይደለህ እንዴ? ወይስ ሥራ ቀይረሃል?»

«ልብሱም ጥሩ ነው» አለና ተነስቶ ሄደ። ሲሄድ የጠረጴዛውን ጥግ በጭኑ መታው። ይበለው አልኩ በሆዴ።

ከዚያ ወዲያ ያለችው ሳምንት ነች የጨረሰችኝ። ፊልሙ የአንዲት ሰላይ ነው፤ ቀይ ኮት ለብሳ ከተማ ለከተማ ትሮጣለች። ፊልሙ ከማለቁ በፊት ኮቱን አውልቃ ወንዝ ውስጥ ወርውራ በሸሚዝ ቀርታለች። በሸሚዝ ሆና ድልድይ ላይ ቆማ ስታለቅስ፣ ባሌ ድንገት ነቃ ብሎ «ያ ቀይ ኮት እንዴት እንደሚያምርባት አየሽ? ትከሻው ላይ አንዲት ሽብሽብ የለም» አለኝ።

ቴሌቪዥኑን አየሁ፤ ባሌን አየሁ። ኮት የለም፤ ወንዝ ወስዶታል። ታዲያ ይህ ሰው ከፊቱ ያለውን ፊልም ነው የሚያየው ወይስ ከእሷ ጋር ያየውን እያስታወሰ ነው? ያን ማታ ፍርድሽን ስጪ ሲለኝ «ሰላይ ሁሉ መጨረሻው አያምርም» ብዬ ጀርባዬን ሰጥቼው ተኛሁ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። ለካ ሰፈሩ ሁሉ አውቆ የቀረሁት እኔ ነኝ ብዬ አሰብኩ፤ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

ዓርብ ቀን ከሰዓት በኋላ ሥራዬን ለጓደኛዬ ጥዬ ወጣሁ። ጋዋኔን እንኳ አላወለቅሁም። ካፈርኩ አይመልሰኝ ብያለሁ። ከሱቁ ስደርስ ማሽኑ በሩ ላይ ቆሟል፤ ባሌ የለም። ፊት ለፊት የፍላሽ በር ገርበብ ብሏል። ተጠጋሁና ቆምኩ።

ባሌ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ዓይኑን ጨፍኗል። እሷ ከባንኮኒው ማዶ ሆና ትናገራለች።

«... ከዚያ ልጅየዋ በሩን ትከፍታለች፤ አባቷ ቆሟል። ምንም አይናገሩም። ዝናብ ነው።»

«ቆይ፣ ቀስ በይ» አለ ባሌ። «ምን ለብሳለች?»

«ሰማያዊ ሹራብ፣ ጋሼ። እጅጌው የረዘመባት።»

«እጅጌው ረዝሞባታል፤ ጥሩ። እስከ መጨረሻው አታወልቀውም አይደል? ያለፈው ኮት ጉድ ሠርቶኛል። ሚስቴ ስለ ልብስ ካልተናገርኩ ትጠረጥራለች።»

እግሬ ስር ያለው ጣውላ ሲጥጥ አለ። ባሌ ዓይኑን ገለጠና ፊቱን ወደ በሩ አዞረ። ቀጥ ብሎ አየኝ። ዓይን ለዓይን ተያየን። የማወርድበት ስድብ ከንፈሬ ላይ ደርሶ ነበር። ባሌ ግን ፈገግ ብሎ ነጭ ጋዋኔን አየና እንዲህ አለኝ፦

«ግባ ወንድሜ፣ ግባ። እሷን ነው የምትፈልገው? እኔ ልሄድ ነው።»

ፍላሽ እጇን አፏ ላይ አደረገች። እኔ የምገባበት ጠፋኝ። ወደ ውስጥ ስራመድ አየሩን አሸተተ፤ የላውንደሪ ሳሙና ሽታ በየትም ብሄድ አይለቀኝም። ፈገግታው ከፊቱ ላይ ሄደ።

«አንቺ ነሽ?» አለ።

«እኔ ነኝ ወንድምህ» አልኩት።

ፍላሽ ከባንኮኒው ወጥታ «እትዬ፣ በእናትሽ፣ እሱ ...» ስትል በእጄ አስቆምኳት። ከባሌ አፍ ነበር መስማት የፈለግኩት። ተነሳ፤ ግድግዳውን በእጁ እየተከተለ መጣ። ግድግዳ ተከትሎ ሲሄድ ያየሁት ያኔ ነው፤ ለካ ስንት ጊዜ ሲያደርገው ኖሯል።

«ቤት ውስጥ ጭጋግ የገባ ነው የሚመስለኝ» አለኝ። «ቀስ በቀስ ነው የመጣው። ጨርቁን በእጄ አውቀዋለሁ፤ ማሽኑ እጄን ያውቀዋል። ጥቁር ላይ ጥቁር ክር ነው የማይሆንልኝ። ፊልሙ ግን ... ብርሃን ሲንቀሳቀስ አያለሁ እንጂ ሰው አላይም።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርሽ ማሽኑን ትሸጭብኛለሽ። ዓርብ ደግሞ 'ለማያይ ሰው የምን ፊልም' ብለሽ ቴሌቪዥኑን ታጠፊዋለሽ። አውቅሻለሁ።»

እውነቱን ነው፤ አጠፋው ነበር። ግን ያቃጠለኝ ሌላ ነው።

«ለእሷ ግን ነገርካት» አልኩ።

«አልነገረኝም፣ እትዬ» አለች ፍላሽ ከኋላ። «ፍላሹን ባንኮኒው ላይ አስቀምጬለት በእጁ ሲፈልገው አየሁት። ዓይኑ ሥር ነበር።»

ይህችን ነው ያልቻልኳት። ከእሷ ጋር ተኝቶ ቢሆን ኖሮ ምን እንደማደርግ አውቃለሁ፤ ፀጉሯ አጭር መሆኑ አያድናትም ነበር። እሷ ግን ባሌን አየችው። ባንኮኒ ላይ እጁ ሲዳብስ አይታ ገባት። እኔ ከጎኑ የምተኛው፣ ክንዴን ይዞ መንገድ የሚሻገረው፣ ሰበብ ስቆጥርበት ከረምኩ። ጠበቅሁት እንጂ አላየሁትም። እንዲህ ያለ ቅናት በዕድሜዬ ቀንቼ አላውቅም።

እንባዬ ሳይመጣ የእኛን ፍላሽ ከባሌ ኪስ አወጣሁና ባንኮኒው ላይ ወረወርኩት። «ለእሱ ያልነገርሽው ፊልም ጫኝልኝ» አልኳት።

ያን ማታ እንደ ወትሮው ተቀመጥን። ባሌ እንደ ተማሪ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጓል፤ የተዋሰው ፍርድ የለውም። ፊልሙ ተጀመረ። አንድ ሚስቱ የሞተችበት ሰው ቤቱን ያከራያል። አንዲት ሴት ሻንጣ ይዛ በዝናብ ትመጣለች። እኔ ደግሞ መናገር ጀመርኩ። አፌ አልለመደውም፤ «ገባች፤ ቆመች፤ ሻንጣዋን አስቀመጠች» እያልኩ እንደ ፖሊስ ምስክር ነው የምቆጥረው። ባሌ ጆሮውን ወደ እኔ አዘነበለ።

«ምን ለብሳለች?» አለ።

«አረንጓዴ ቀሚስ።»

«ጨርቁስ?»

«የሚወድቅ ነው፤ ለስላሳ። ወገቡ ላይ ጠበብ ብሏል።»

«ቆንጆ ናት?»

ቴሌቪዥኑን አየሁ። ተከራይዋ ርጥብ ፀጉሯን ከግንባሯ ላይ ስትመልስ፣ ፈጣሪ ጊዜ ወስዶ የሠራት ሴት ናት። አንገቷ፣ ዓይኗ፣ ምን ልበላችሁ። አከራዩ በር ላይ ደንዝዞ ቀርቷል።

«አታምርም» አልኩት።

«እንዴ! ታዲያ ሰውየው ለምን ወደዳት?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ሰውየውም ዓይኑን ሳያመው አይቀርም።»

ባሌ ሳቀ። ከስንት ጊዜ በኋላ በሰዓቱ ሳቀ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ሐኪም ዘንድ የወሰድኩት በማግስቱ ነው። ሐኪሙ በትንሽ መብራት ዓይኑን አየና «የዓይን ሞራ ነው፤ በኦፕራሲዮን ይነሳል» አለን። ይህን ያህል ቀላል ነገር ደብቆኝ ኖሮ! መንገድ ላይ ክንዴን ይዞኝ ሲሄድ አንዴ እሰድበዋለሁ፣ አንዴ አቅፈዋለሁ። ተራችን እስኪደርስ ድረስ ግን በየዓርቡ ፊልም የምነግረው እኔ ሆንኩ። የቢላዋ ውርወራ ፊልም፣ ልጇን የምትፈልግ እናት፣ ሁለት ወንድማማች በአንድ መርከብ። ጎበዝ ሆንኩ፤ ልብሱን እስከ ቁልፉ እነግረዋለሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ባሌ የሰማው ፊልም ውስጥ አንዲት ቆንጆ ሴት አልገባችም። ንግሥቲቱ ሸራፋ ናት፣ ዳንሰኛዋ ፊቷ ኮምጣጣ ነው፣ ነርሷ ፂም ቢጤ አላት። እሱም «ምን ዓይነት ዘመን ነው፣ ቆንጆ ተዋናይ ጠፋ እንዴ?» ይላል። «ጠፍቷል» እለዋለሁ።

ዓይኑ ተሠርቶ ፋሻው ሲነሳ መጀመሪያ ያየው የእኔን ፊት ነው። «አርጅተሻል» አለኝ፤ ሚሊሜትር አይደል፣ አይስትም። ነርሷ ሳቀች። እኔ ግን ነርሷን አየኋት፤ ፂም የላትም።

ዓርብ ደረሰ። ከላውንደሪ ስመለስ ራሱ ወደ ፍላሽ ተሻግሮ ፊልም አምጥቷል።

«ያቺን ተከራይ ነው ያመጣኋት» አለኝ። «ሰምቼ አልጠገብኳትም፤ ላያት።»

የፈሩት ይደርሳል። ሌላ ፊልም ይሻላል አልኩ፣ ራሴን አሞኛል አልኩ፣ መብራት ሊሄድ ይችላል አልኩ። አልሰማኝም። ተቀመጥን። ዝናቡ መጣ፣ በሩ ተከፈተ፣ እሷ በአረንጓዴ ቀሚሷ ገባች። ባሌ ከሶፋው ቀና ብሎ ወደፊት ተጠጋ። ርጥብ ፀጉሯን ከግንባሯ ስትመልስ ከንፈሩ ሲከፈት አየሁት። ከዚያ ወዲያ ፊልሙን አላየሁም። እሱን ነው ሳየው ያመሸሁት፤ አንዴም ሳይሰለቸው፣ ዓይኑ ሳይነቀል እስከ መጨረሻው አያት።

ፊልሙ አለቀ። ክፍሉ ጨለመ። እንደ ሕጋችን መጀመሪያ የሚፈርደው እሱ ነው።

«ቀሚሱ በልኳ የተሰፋ ነው» አለ። «ወገቡ ላይ አንዲት ሚሊሜትር አልሳተም።»

«ሴትየዋስ?» አልኩ።

ወደ እኔ ዞረ። ከመንገዱ መብራት በመጋረጃው የሚገባ ትንሽ ብርሃን አለ፤ በዚያ በአዲሱ ዓይኑ ለረጅም ጊዜ አየኝ።

«እውነትሽን ነው» አለኝ። «አታምርም።»

ተራው የእኔ ነበር። ፍርድ መስጠት አልቻልኩም። መብራቱን ሊያበራ ሲነሳ እጁን ይዤ አስቀመጥኩት፤ አሁን ያያል፣ ፊቴን በእንባ ርሶ እንዲያየው አልፈለግሁም።